«ለአማቴ ዛፍ የትኛውን ትራፓኖ ልግዛ?»

በዚህ ዓምድ የፍቅር፣ የትዳር፣ የኪራይ ቤትና የጓደኛ ብድር ጥያቄ ሲደርሰኝ ለምጄዋለሁ። ሰሞኑን የመጣልኝ ደብዳቤ ግን መጀመሪያ ሳነበው አሳቀኝ፣ ሁለተኛ ሳነበው አሳሰበኝ፣ ሦስተኛ ሳነበው ደግሞ «ይሄስ የኔው ጉዳይ ነው» አልኩ።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። እኔ ጋዜጣ ላይ መጻፍ ከመጀመሬ በፊት ሱቅ ሻጭ ነበርኩ። የ12ኛ ክፍል ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ አልሆነምና አጎቴ መርካቶ ካለው የግንባታ ዕቃ ሱቁ አስገባኝ። አራት ዓመት ሙሉ ቡሎን በቁጥር፣ ምስማር በኪሎ፣ ናስትሮ በጥቅል ስሸጥ ኖርኩ። ትራፓኖ ሊገዛ የመጣ ወንድ ሁሉ ገብቶ እኔን ሲያይ «ሰው የለም እንዴ?» ይላል። «እኔስ ሰው አይደለሁም?» እላለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ዋጋ የምንነጋገረው።

ደብዳቤው የመጣው ከአሜሪካ፣ ከቨርሞንት ነው። ቨርሞንት ካናዳን የምትዋሰን፣ ተራራማና በረዷማ የሆነች ትንሽ ስቴት ናት። ጸሐፊው ያለውን በጥቂቱ አሳጥሬ ላቅርብላችሁ።

«እህቴ ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 34 ነው። ከአዲስ አበባ ከወጣሁ ዘጠኝ ዓመት አለፈኝ። ባለቤቴ የዚሁ አገር ልጅ ስትሆን አባቷ ገበሬ ናቸው። ከቤታቸው ጀርባ 22 የሜፕል ዛፎች አሏቸው። በየዓመቱ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ዛፎቹን ይበሱና የሚንጠባጠበውን ውሃ በባልዲ ሰብስበው፣ አፍልተው ሽሮፕ ያወጣሉ። ባለፈው ዓመት ጉልበታቸውን ቀዶ ሕክምና አድርገው ስለነበር ‹ዘንድሮ አንተ ብሳልኝ› ብለው በእጅ የሚዞረውን አሮጌ መሰርሰሪያቸውን ሰጡኝ።

«እውነቱን ልንገርሽና እኔ አፈርኩበት። ጎረቤቱ ሁሉ በባትሪ ትራፓኖ ሲሠራ እኔ እንደ ወፍጮ በክንዴ ሳዞር ልታይ? ከሥራ ቦታዬ ግድግዳ የሚበሳ ትልቅ ትራፓኖ ተዋስኩ። ፑንታውም እላዩ ላይ የነበረው ነው። 22ቱንም ዛፍ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ በስቼ ጨረስኩና ፎቶ ተነሳሁ።

«ውሃው ግን እንደ ሌላው ጊዜ አልመጣም። አንዳንዱ ቱቦ ይወልቃል፣ አንዳንዱ በጎኑ ያፈሳል። በየዓመቱ 20 ሊትር ገደማ ሽሮፕ ይወጣ ከነበረበት ቤት 6 ሊትር ብቻ ወጣ። ሽማግሌው በክራንች እያነከሱ መጡና አንዱን ቱቦ ነቅለው ከኪሳቸው አጭር እርሳስ አወጡ። እርሳሱ ላይ በቢላ የተቀረጸ ምልክት አለ። ቀዳዳው ውስጥ ሲከቱት ምልክቱን አለፈና ጭራሹን ገብቶ ጠፋ። ምንም አልተናገሩም። እርሳሳቸውን እዚያው ትተው ወደ ቤት ገቡ።

«አሁን ጥር ነው። ወቅቱ ሊጀምር ከአንድ ወር የማይበልጥ ጊዜ ቀርቶታል። ስለ ዛፎቹ እስካሁን አንድም ቃል አልተነፈሱም። 300 ዶላር አስቀምጫለሁ፤ ከሁሉ ኃይለኛ የሆነውን ባለ 20 ቮልት ትራፓኖ ገዝቼ ልክሳቸው አስቤአለሁ። ባለቤቴ ‹ተወው› ትላለች። አንቺ ስለ ዕቃ እንደምታውቂ አንብቤአለሁና የትኛውን ልግዛ?»

ደብዳቤው ይኸው ነው። ስለ ትራፓኖ አውቃለሁ። ስለ ሜፕል ዛፍ ግን ከዚህ በፊት የማውቀው የካናዳ ባንዲራ ላይ ያለው ቀይ ቅጠል የሱ መሆኑን ብቻ ነበር። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ሙሉ ሳነብና ስጠይቅ ቆየሁ፤ ለባለ ደብዳቤውም ደወልኩለት። ያገኘሁትን በተራ በተራ ላጫውታችሁ።

ዛፉ ምን ዓይነት ነው?

እኛ አገር ሽሮፕ ሲባል ትዝ የሚለን የሳል መድኃኒት ነው። እነሱ ዘንድ ግን የሜፕል ሽሮፕ እንደኛ ማር ነው፤ ቁርስ ላይ ያፈሱታል፣ ለእንግዳ ያቀርቡታል፣ በስጦታ ይሰጣጡበታል። ከዓለም ምርት አብዛኛው የሚወጣው ከካናዳዋ ኩቤክ ሲሆን፣ ከአሜሪካ ስቴቶች ደግሞ ቨርሞንት አንደኛ ናት። ሥራው ነጮቹ ከመምጣታቸው በፊት የነበረ ነው። የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ዛፉን በመጥረቢያ ጫር አድርገው ጣፋጩን ውሃ ይቀዱ ነበር።

ውሃው የሚወርደው ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ሞቅ ያለ ሲሆን ነው። ሌሊት ከዜሮ በታች ሲሆን ዛፉ ከሥሩ ውሃ ይስባል፤ ቀን ሲሞቅ ደግሞ ውስጡ ግፊት ይፈጠርና ቀዳዳ ካገኘ ጠብ ጠብ ይላል። ይህ የሚሆነው ከየካቲት አጋማሽ እስከ መጋቢት መጨረሻ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ነው። ውሃው ሲቀመስ ስኳር መኖሩ እንኳ በደንብ አይታወቅም፤ ከመቶ ሁለት እጅ ገደማ ቢሆን ነው። ስለዚህ አንድ ሊትር ሽሮፕ ለማግኘት 40 ሊትር ያህል ውሃ ማፍላት ያስፈልጋል። ከአንድ ቀዳዳ በወቅቱ ሙሉ የሚገኘውም እንደዚያው 40 ሊትር አካባቢ ነው። እንግዲህ አስሉት፤ አንድ ቀዳዳ ማለት አንድ ሊትር ሽሮፕ ማለት ነው። የሽማግሌው 22 ዛፍ 20 ሊትር ሲሰጥ የነበረው ለዚህ ነው። ወንድማችን 14ቱን ሊትር የት አደረሰው? መልሱ ቀዳዳው ውስጥ ነው።

ቁስሉ

የሰው ቁስል ይድናል፤ አዲስ ሥጋ ይተካል። የዛፍ ቁስል ግን እንደዚያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አሌክስ ሺጎ የተባለ አሜሪካዊ የዛፍ ተመራማሪ በሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎችን በቁመታቸው እየሰነጠቀ መረመረ። ያገኘውም ነገር ዛፍ የተጎዳውን እንጨት እንደማይጠግን ነው። የሚያደርገው ነገር ቢኖር ቁስሉን ዙሪያውን አጥሮ መዝጋት፣ ከዚያም በላዩ ላይ አዲስ እንጨት ማብቀል ነው። ውጭውን ስታዩት ቅርፊቱ ገጥሞ አምሮበታል። ውስጡን ብትሰነጥቁት ግን ከቀዳዳው ወደ ላይም ወደ ታችም የተዘረጋ ቡናማ ሰንበር ታገኛላችሁ። ያ ሰንበር ዳግመኛ ውሃ አያስተላልፍም። ዛፉ እስኪቆረጥ ድረስ እዚያው ይኖራል።

ለዚህ ነው ሜፕል የሚበሳ ሰው በየዓመቱ ቦታ የሚቀይረው። ያለፈው ዓመት ቀዳዳ ካለበት ወደ ጎን ራቅ ይላል፤ ቀጥታ በላዩ ወይም በታቹ አይበሳም። ዛፉ በየዓመቱ የሚያበቅለው አዲስ እንጨት ሰውየው ከሚያበላሸው ካልበለጠ፣ አንድ ቀን ነጭ እንጨት ያልቃል። ቀዳዳው በጠበበና ባጠረ ቁጥር ሰንበሩም ያንሳል።

እኛስ ብትሉ፣ ከዚህ የራቅን አይደለንም። በመተማና በትግራይ ቆላ የዕጣን ዛፍ እንዴት እንደሚደማ የሰማችሁ ትኖራላችሁ። እዚያ መሰርሰሪያ የለም፤ ቅርፊቱን በስለት ፋቅ ያደርጉትና በበጋው ወራት እየተመላለሱ ያድሱታል። ቁስሉ በልክ ሲሆን ዛፉ ይችለዋል። ከልክ ሲያልፍና ዕረፍት ሲያጣ ግን ይደክማል፣ ዘሩም ይመናመናል። ከዛፍ ላይ ገንዘብ የሚለቅም ሰው፣ ቨርሞንት ይሁን መተማ፣ የሚነግደው በቁስል ነው። ስለዚህ ዕቃ ሲመርጥ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ምን ያህል ኃይል አለው?» ብሎ ሳይሆን «ምን ዓይነት ቁስል ይተዋል?» ብሎ ነው።

ትራፓኖው

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ ወንድሜ። ባለ 20 ቮልት ብለሃል። አንድ የሱቅ ምሥጢር ልንገርህ፤ አሜሪካ ውስጥ «20 ቮልት» ተብሎ የሚሸጠውና ሌላ አገር «18 ቮልት» የሚባለው ባትሪ አንድ ነው። ሃያ የሚሞላው ቻርጅ ተደርጎ እንደወጣ፣ ሥራ ሳይጀምር ነው። ሥራ ላይ ሲውል አሥራ ስምንት ነው። ስለዚህ ሃያ ስላለው ብቻ አትጨምርበት።

ሁለተኛ፣ አንተ የምትበሳው ቀዳዳ የእርሳስ ያህል ውፍረት፣ የአውራ ጣት ያህል ርዝመት ያለው ነው። ለዚህ ትንሹ ባለ 12 ቮልት ትራፓኖ ይበቃል። ቀላል ስለሆነ በረዶ ውስጥ ይዘኸው ስትሄድ ክንድህ አይዝልም፤ ክንድ ያልዛለበት ሰው ደግሞ ቀዳዳውን አያወላግድም። ሁለት ማርሽ ያለውን ምረጥና በፈጣኑ ማርሽ ሥራ። ፑንታ ቀስ ብሎ ሲዞር እንጨቱን ይቦጫጭቀዋል፤ ፈጥኖ ሲዞር ይቆርጠዋል።

ሦስተኛ፣ ስለ ባትሪው። ብርድ ባትሪ ያዳክማል። ለ22 ቀዳዳ አንድ ባትሪ ይተርፋል፤ ቢሆንም ሁለተኛውን ኮትህ ውስጥ፣ ደረትህ ላይ ያዘው። ከበረዶ እንደገባህ የቀዘቀዘውን ባትሪ ቻርጅ ላይ አትሰካ። እነዚህ ሊቲየም ባትሪዎች ከዜሮ በታች ቀዝቅዘው ሳለ ቻርጅ ሲደረጉ ይጎዳሉ። ቤት ውስጥ ሞቅ እስኪል ጠብቅ።

የማይሆኑትንም ልንገርህ። ያ ባለፈው ዓመት የተዋስከው ግድግዳ የሚበሳው፣ እየመታ የሚዞረው ነው። ለቤቶን ነው የተሠራው፤ ክብደቱም ሌላ ነው። ቡሎን ለማጥበቅ የሚሠራው፣ «ጠጠጠጠ» እያለ የሚደበድበውም አይሆንም፤ ፑንታውን የሚይዝበት ቦታ ክፍተት ስላለው ጫፉ ይጨፍራል። ፑንታ ከጨፈረ ቀዳዳው ክብ መሆኑ ይቀርና እንቁላል ይመስላል። እንቁላል ቀዳዳ ውስጥ ክብ ቱቦ ብትከት በጎኑ ያፈሳል። የወለቁትና ያፈሰሱት ቱቦዎችህ ነገር ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ፑንታው

ከሁሉ በላይ ግን ፑንታው ነው። ይሄን የተማርኩት በገንዘቤ ነው።

ሱቅ በገባሁ በሁለተኛው ወር አንድ አናጢ ጋሼ መጥተው ስምንት ቁጥር ፑንታ ጠየቁኝ። ለምን እንደፈለጉት ሳልጠይቅ ከፊቴ ያገኘሁትን የብረት ፑንታ ሰጠኋቸው። ያውም አዲስ አልነበረም፤ ተመላሽ ነበር። በሦስተኛው ቀን የቁም ሣጥን በር ተሸክመው መጡ። በሩን ነው የምላችሁ! የመያዣው ቀዳዳ ዙሪያውን ተሸራርፏል። ባንኮኒው ላይ አጋደሙትና «ልጄ፣ ይሄን ያደረገው ፑንታው ነው ወይስ እጄ?» አሉኝ። እጃቸው 30 ዓመት እንጨት የሠራ እጅ ነው። እውነቱን ተናገርኩ። አጎቴ የበሩን ዋጋ ከደሞዜ ቆረጠ። ጋሼ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቅ ሲመጡ እኔን ካልሆነ ማንንም አያናግሩም ነበር።

እና ወንድሜ፣ የ300 ዶላር ትራፓኖ ላይ የደነዘ ፑንታ ብትሰካበት የደነዘ ዕቃ ነው ያለህ። ለሜፕል ተብሎ የሚሠራ ፑንታ አለ። ጠመዝማዛው ሰፋ ያለና ፈጣን ስለሆነ ሰጋቱራውን እየጎተተ ያወጣዋል፣ ጫፉም እንጨቱን ሳይቦጫጭቅ ይቆርጣል። ዋጋው ከትራፓኖው ጋር አይወዳደርም። እሱን ግዛና ለሌላ ሥራ አትጠቀምበት፤ ብረትም፣ ዘይትም፣ ቀለም የተቀባ እንጨትም አይንካው። ከእያንዳንዱ ወቅት በፊት ስለቱን እይ። የደነዘ ፑንታ የሚተወው ሻካራ ቀዳዳ ለባክቴሪያ ይመቻል፣ ውሃውም ቶሎ ይቆማል።

ውፍረቱስ? በፊት የነበረው ልክ 7/16 ኢንች፣ ማለትም 11 ሚሊ ሜትር ነው። አሁን ብዙዎች የሚጠቀሙት 5/16 ኢንች፣ 8 ሚሊ ሜትር ነው። ልዩነቱ ሦስት ሚሊ ሜትር ነው ብላችሁ አትናቁት። የቀዳዳውን አፍ ስፋት ብታሰሉት ትንሹ የትልቁ ግማሽ ነው። ውሃው ግን በግማሽ አይቀንስም። ዛፉ ግማሽ ቁስል ቆስሎ ብዙም ያልቀነሰ ውሃ ይሰጣል።

ግን አንድ ነገር አለ። ቱቦውና ፑንታው አንድ ቁጥር መሆን አለባቸው። የ11 ቱቦ በ8 ቀዳዳ አይገባም፤ የ8 ቱቦ በ11 ቀዳዳ አይቆምም። ስለዚህ ፑንታ ስትቀይር 22 ቱቦ አብረህ ትቀይራለህ። ይሄን ያዝልኝ፣ ኋላ እመለስበታለሁ።

አበሳሱ

ዕቃው ከተገኘ በኋላ የሚደረገው ይህ ነው።

1ኛ. የዛፉን ዙሪያ ደረትህ ትክክል ላይ በሜትር ለካ። 95 ሳንቲ ሜትር ገደማ ካልሞላ፣ ማለትም ውፍረቱ 30 ሳንቲ ሜትር ካልደረሰ፣ እለፈው። እዚህ ለመድረስ ዛፉ ብዙ ጊዜ 40 ዓመት ይፈጅበታል፤ ካንተ በዕድሜ ይበልጣል ማለት ነው።

2ኛ. የድሮ ቀዳዳዎችን ጠባሳ ፈልግ። ከነሱ ወደ ጎን ራቅ በል።

3ኛ. ፑንታው ላይ ከጫፉ 4 ሳንቲ ሜትር ለክተህ ናስትሮ ጠምጥምበት። ናስትሮው ቅርፊቱን ሲነካ አቁም። ባለፈው ዓመት እርሳስ የዋጠው ቀዳዳህ ከዚህ ከእጥፍ በላይ የጠለቀ ነው። ውሃ የሚመጣው ከውጪኛው ነጭ እንጨት ነው፤ ጠልቀህ በሄድክ ቁጥር ዛፉን ይበልጥ ታቆስላለህ።

4ኛ. ትንሽ ሽቅብ ዘንበል አድርገህ ብሳ፣ ውሃው ወደ ውጪ እንዲፈስ። ቀጥ ብለህ ግባ፣ ቀጥ ብለህ ውጣ። ስትወጣም ፑንታው እየዞረ ይውጣ፤ ሰጋቱራውን ይዞ ይመጣል። ቀዳዳውን በአፍህ እፍ አትበል፤ የአፍህን ባክቴሪያ ለዛፉ መስጠት ይሆናል።

5ኛ. ሰጋቱራውን መዳፍህ ላይ ተቀብለህ እይ። ነጭ ወይም እንደ ቅቤ ነጣ ያለ ከሆነ ደህና ቦታ አግኝተሃል። ቡናማ ከሆነ የድሮ ሰንበር ላይ ነህ።

6ኛ. ቱቦውን በትንሽ መዶሻ ቀስ ብለህ ምታ። ድምፁ ሲቀየር፣ ጠቅ ጠቅ ማለቱን ትቶ ደፈን ሲል፣ በቃ። ከዚያ በላይ ከመታኸው እንጨቱ ይሰነጠቃል። ብርዱ በጣም የከረረ ዕለትም አትብሳ፤ የበረደ እንጨት ቶሎ ይሰነጠቃል።

ባለፈው ዓመት የበሳሃቸውን ቀዳዳዎች ምንም አትድፈንባቸው፤ ዛፉ ራሱ ይዘጋቸዋል። እርሳሱም ውስጥ ካለ ዛፉ ይዘጋበታል።

ካሳው

በስልክ ስናወራ ሦስት ነገር ጠየቅኩት። መጀመሪያ «የእጁ መሰርሰሪያ የት ነው ያለው?» አልኩት።

«ማፍሊያ ቤቱ ውስጥ ምስማር ላይ ተሰቅሏል።»

«ፑንታው ስንት ነው?»

ሄዶ ለካውና «7/16 ነው» አለኝ። የድሮው ልክ ማለት ነው። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ በ11 ሚሊ ሜትር ነው የበሱት። በደንብ ተስሎ ልክ ላይ ከቆመ የእጅ መሰርሰሪያ ለ22 ዛፍ ምንም አያንሰውም፤ አንድ ከሰዓት በኋላ ይፈጅ ይሆናል እንጂ።

ሦስተኛው ጥያቄዬ «ይቅርታ ብለሃቸዋል?» የሚል ነበር። ስልኩ ዝም አለ። የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«አላልኩም» አለኝ። «እዚህ እኮ ‹ሶሪ› ማለት ቀላል ነው። ሱፐርማርኬት ውስጥ የገፋሽ ሁሉ ይልሻል። የኛን ዓይነት ይቅርታ በየትኛው ቃል ልበል? እሳቸውን እንኳ በስማቸው ስጠራ እስካሁን ይከብደኛል። አባባ ብላቸው አይገባቸው።»

ወንድሜ፣ ለዚህ ነው መሰለኝ 300 ዶላሩን ያዘጋጀኸው። አፍህ ያቃተውን ትራፓኖው እንዲናገርልህ ነው። ግን እስቲ በሳቸው ቦታ ሆነህ አስበው። መሰርሰሪያዬን ሰጠሁት፣ አልፈለገውም። በራሱ መንገድ ዛፌን በሳው፣ አበላሸው። አሁን ደግሞ ካለፈው የባሰ ኃይለኛ ማሽን ይዞ መጣ። ይሄ ካሳ ይመስላል? ለኔ «መሰርሰሪያህ ዘንድሮም አይረባኝም» ማለት ነው የሚመስለኝ። ባለቤትህ «ተወው» ያለችህ አባቷን ስለምታውቅ ይሆናል።

ደግሞም ተሳስተሃል ብዬ ብቻ አልተውህም። በልኩ ነገር ትንሹ ቀዳዳ ይሻላል፤ ይሄን የምልህ የአሁኑ ዕውቀት ስለሚል ነው። ግን ዛፎቹ የሳቸው ናቸው። ቅድም ያዝልኝ ያልኩህ ለዚህ ነው። 22 ቱቦ መቀየር የሳቸውን ልክ መቀየር ነው፤ ይሄን አንተ ገዝተህ የምትጨርሰው ጉዳይ አይደለም። ስለዚህ እንዲህ አድርግ። አንድ የ8 ሚሊ ሜትር ፑንታና ሁለት ቱቦ ብቻ ግዛ። ይዘህ ግባና የዛፉን ጉዳይ አንተ ራስህ አንሳ፤ እሳቸው እስኪያነሱት አትጠብቅ። «ባለፈው ዓመት ዛፎቹን ጎዳሁ፤ መሰርሰሪያህን አፍሬበት ነው ያልተጠቀምኩበት» በል። ይህን በእንግሊዝኛ ለማለት «ሶሪ» የምትለው ቃል ብቻዋን አትበቃህም፤ ያፈርክበትን ነገር ራሱን መናገር አለብህ። ከዚያ ፑንታውን አሳያቸውና በሁለት ዛፍ እንድትሞክር ፍቀዱልኝ በል። እምቢ ካሉ ምስማሩ ላይ ያለውን አውርድና በክንድህ አዙር። እሺ ካሉ ትንሹን ባለ 12 ቮልት ያኔ ትገዛለህ፤ ከ300 ዶላሩም ይተርፍሃል።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሳ። አዲስ እርሳስና ቢላ ይዘህ ሂድ። ምልክቱን እሳቸው ይቅረጹልህ።

ቢቆጡህ ተቆጣ። አናጢው ጋሼ ያን በር ተሸክመው ባይመጡ ኖሮ እኔ እስከ ዛሬ ፑንታ ከፑንታ የማልለይ ሻጭ ነበርኩ። ያስፈራኝ የነበረው በሩን ሳያመጡ ዝም ብለው ሌላ ሱቅ ቢሄዱ ነበር።

ለእናንተ ለአዲስ አበባ አንባቢዎቼ ደግሞ አንድ ምክር ጣል ላድርግ። ዘመድ ከአሜሪካ ትራፓኖ ሲልክላችሁ ደስ ብሏችሁ ወዲያው ሶኬት ላይ እንዳትሰኩት። የነሱ መብራት 120 ቮልት፣ የኛ 220 ነው። ቻርጀሩ ጀርባ ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ «120» ብቻ ካለ መቀየሪያ ትራንስፎርመር ሳታዘጋጁ ብትሰኩት ጭሱን ነው የምታዩት። ፑንታ ስትገዙም ለእንጨት፣ ለብረት ወይስ ለግድግዳ እንደሆነ ቀድማችሁ ተናገሩ። ሻጯ ሴት ከሆነች ደግሞ «ሰው የለም እንዴ?» አትበሉ።

ወንድማችን ምን እንደገጠመው ከጻፈልኝ አካፍላችኋለሁ። እስከ ሳምንት ቸር ሰንብቱልኝ።